«ያሮ» የሚለው የቼክ ቃል ከየት መጣ? «ጸደይ» ብለን ስንተረጉመውስ ልክ ነን?

በዚህ እትም የቃላት ገጻችን ከወትሮው ራቅ ወዳለ አገር ይወስዳችኋል። ጥያቄው የተነሳው ግን እዚሁ ካምፓችን ውስጥ፣ በማታው የጎልማሶች የእንግሊዝኛ ክፍል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእርዳታ ከመጡልን መጻሕፍት መካከል አንድ የታሪክ መጽሐፍ አለ። ከገጾቹ በአንዱ ላይ ወጣቶች ታንክ ከበው የቆሙበት ፎቶግራፍ ይታያል። ከፎቶው ሥር የተጻፈውን እንግሊዝኛ «የፕራግ ጸደይ፣ 1968» ብለን ተረጎምነው። ቀጥሎ በአገሩ ቋንቋ፣ በቼክኛ፣ «ፕራዥስኬ ያሮ» የሚል ተጽፏል። አንዱ ተማሪያችን የላቲኑን ፊደል እንዳየ «ጃሮ» ብሎ አነበበው። ከኋላ የተቀመጡት «ጆሮ ነው እንዴ?» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት። እውነቱን ለመናገር እኛም ሳቅን። በቼክኛ ያ ፊደል «ጀ» ሳይሆን «የ» ተብሎ ነው የሚነበበው፤ ስለዚህ ቃሉ «ያሮ» ነው።

ሳቁ ሲበርድ ሁለት ጥያቄ መጣ። አንደኛው «ታንክና ጸደይን ምን አገናኛቸው?» የሚል ነበር። ሁለተኛውን ያነሱት በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ አባት ናቸው። «ልጆቼ፣ ጸደይ ያላችሁት የትኛውን ነው? የመስከረሙን ነው ወይስ የሚያዝያውን?» አሉን። እኛ መምህራኑ እርስ በርሳችን ተያየን። አንዳችን የመስከረሙን፣ አንዳችን የሚያዝያውን እያሰብን ስናስተምር ኖረናል ማለት ነው! በዚያ ምሽት መልስ አልነበረንም። «በጋዜጣችን ላይ እንመልሳለን» ብለን ቃል ገባን፤ ይኸው ዛሬ እንሞክራለን።

መጀመሪያ ታሪኩ

ፕራግ የቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ናት። በ1968 እ.ኤ.አ. አገሪቱ ቼኮዝሎቫኪያ ትባል ነበር፤ ቼክና ስሎቫኪያ ተብላ ለሁለት የተከፈለችው በጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ነው። በዚያን ጊዜ የሚገዛት የኮሚኒስት ፓርቲ ነበር። በጃንዋሪ 5 ቀን 1968፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 26 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ አሌክሳንደር ዱብቼክ የፓርቲው መሪ ሆኖ ተመረጠ። ዱብቼክና ጓደኞቹ «ሰብአዊ ገጽታ ያለው ሶሻሊዝም» እናመጣለን አሉ። ጋዜጣና ሬዲዮ ላይ የነበረው ቅድመ ምርመራ ላላ፣ በኋላም ተነሳ። ሰው አፉን ከፍቶ መናገር ጀመረ።

ይህ ብዙ አልቆየም። በኦገስት 20 ለ21 አጥቢያ፣ ማለትም ነሐሴ 14 ለ15 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ የሶቪየት ኅብረት ጦር ከፖላንድ፣ ከሃንጋሪና ከቡልጋሪያ ወታደሮች ጋር ድንበር ጥሶ ገባ። ሕዝቡ መሣሪያ አልነበረውም። ወታደሮቹ መንገድ እንዲጠፋባቸው ብሎ የመንገድና የመንደር ስም የተጻፈባቸውን ምልክቶች ነቀለ፣ ቀለም ቀባባቸው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አገራቸውን ጥለው ወደ ኦስትሪያ፣ ወደ ምዕራብ ጀርመን፣ ወደ ስዊዘርላንድና ወደ ሌሎች አገሮች ተሰደዱ። መጽሐፉ ላይ ያየነው ፎቶ የዚያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ልብ በሉ። ይህ «የፕራግ ያሮ» የተባለው ነገር የጀመረው በጃንዋሪ፣ በረዶ በሚወርድበት ወር ነው። ያበቃውም በኦገስት፣ በሞቃቱ ወቅት መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ስሙ የወራት ስም አይደለም። ሰዎቹ ስሙን የሰጡት ስለተሰማቸው ነገር ነው። ስሙም ቀድሞ የሚታወቅ ነበር፤ «ፕራዥስኬ ያሮ» የሚባል የሙዚቃ ፌስቲቫል ከ1946 ጀምሮ በየዓመቱ በግንቦት ወር በከተማዋ ይካሄዳል። አውሮፓውያን ደግሞ በ1848 የተነሱትን ሕዝባዊ አብዮቶች «የሕዝቦች ጸደይ» ማለት ለምደዋል። እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን ይኸው ነው፦ ታንኩ የመጣው ያሮውን ሊያስቆም ነው። ግን ለምን «ያሮ» የሚለው ቃል ይህን ያህል ተስፋ ሊሸከም ቻለ? ይህን ለማወቅ የቃሉን ሥር መቆፈር አለብን።

«ያሮ» ድሮ ዓመት ነበር

ቼክኛ የስላቭ ቋንቋ ነው፤ ከሩሲያኛ፣ ከፖላንድኛ፣ ከስሎቫክኛና ከቡልጋርኛ ጋር ይዛመዳል። የስላቭ ቋንቋዎች ደግሞ ኢንዶ-አውሮፓዊ ከሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛ፣ ግሪክኛ፣ ላቲንና የህንዱ ሳንስክሪት በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ይገኛሉ። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ግእዝ፣ ዓረብኛና ዕብራይስጥ በአንድ ሴማዊ ቤተሰብ እንደሚገኙ ማለት ነው።

በዚያ በትልቁ ቤተሰብ ውስጥ «ያሮ» ወንድሞችና እህቶች አሉት። እንግሊዝኛ ዓመትን «ዪር» ይላል። ጀርመንኛ «ያር» ይላል። የጥንቱ የኢራን ቅዱስ መጽሐፍ የተጻፈበት አቬስታን የሚባለው ቋንቋም ዓመትን በዚሁ ሥር ይጠራዋል። ላቲን ደግሞ «የዘንድሮ» ለማለት የሚጠቀምበት ቃል ውስጥ ይኸው ሥር ተደብቆ ይገኛል። ስለዚህ ሥሩ በጥንት ጊዜ ዓመትን ወይም ዞሮ የሚመጣን ወቅት ያመለክት ነበር ማለት ነው።

የግሪኩ ደግሞ ለብቻው ይነገር። ግሪኮች ከዚሁ ሥር «ሆራ» የሚል ቃል አወጡ። መጀመሪያ ትርጉሙ የዓመቱ ክፍል፣ ወቅት ነበር። ቀስ በቀስ የቀን ክፍልም ሆነ፤ በመጨረሻ ሰዓት ሆነ። ላቲን ከግሪክ ወሰደው፣ ፈረንሳይኛ ከላቲን፣ እንግሊዝኛም ከፈረንሳይኛ። ዛሬ በእንግሊዝኛ ክፍላችን «አወር» እያልን የምናስተምረው ይኸው ቃል ነው።

አያችሁ? አንድ ሥር በግሪክ አገር እያነሰ ሄዶ ሰዓት ሆነ። በእንግሊዝና በጀርመን እንደ ድሮው ዓመት ሆኖ ቀረ። በቼክ አገር ደግሞ ከዓመቱ ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ ይዞ ወቅት ሆነ። እንግሊዝኛ የሚማሩት ተማሪዎቻችን «ዪር» ሲሉና «አወር» ሲሉ ሳያውቁት የ«ያሮ»ን ዘመዶች እየጠሩ ነው።

ሊቃውንቱ ይህን እንዴት አወቁ?

«ድምፃቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በመመሳሰል ብቻ ቢሆንማ ኖሮ «ያሮ»ና የእኛ «ጆሮ» ዘመድ ናቸው ባልን ነበር! የቋንቋ ሊቃውንት የሚፈልጉት ደጋግሞ የሚመጣ ሥርዓት ነው። አንድ ቃል ላይ የታየው የድምፅ ዝምድና በሌሎች ቃላትም ላይ መታየት አለበት።

ለምሳሌ በሬ የሚጠመድበትን ቀንበር እንውሰድ። እንግሊዝኛ «ዮክ»፣ ጀርመንኛ «ዮኽ»፣ ቼክኛ «ይሆ» ይለዋል። ወጣት ለማለት እንግሊዝኛ «ያንግ»፣ ጀርመንኛ «ዩንግ» ይላል፤ ቼክኛም ጎረምሳን «ዩናክ» ይለዋል። ሦስቱም ቋንቋዎች በ«የ» ድምፅ ይጀምራሉ። «ዪር»፣ «ያር»፣ «ያሮ» ደግሞ በዚያው መስመር ይሰለፋሉ። እንዲህ ያለው ሰልፍ በአጋጣሚ አይመጣም።

በዚያው ልክ የሚያሳስት ነገርም አለ። በቼክ አገር «ያሮስላቭ» የሚባል የወንድ ስም የተለመደ ነው። ሲሰሙት «የጸደይ ክብር» ይመስላል። ነገር ግን በዚህ ስም ውስጥ ያለው «ያሮ» ጠንካራ፣ ኃይለኛ፣ ቁጡ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ነው። ብዙ ሊቃውንት ይህንን ከወቅቱ ስም ለይተው ነው የሚያዩት። ስለዚህ ተማሪዎቻችን፣ ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመድ ናቸው ብላችሁ አትፍረዱ።

ከዓመት ወደ ወቅት፦ የገበሬው ሥራ

ታዲያ ዓመት የነበረው ቃል እንዴት አንድ ወቅት ብቻ ሆነ? መልሱ ያለው እርሻው ላይ ነው።

በቼክ አገር ሁለት ዓይነት እህል ይዘራል። አንደኛው በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ይዘራል፤ ትንሽ ይበቅልና ክረምቱን በበረዶ ሥር ተኝቶ ያሳልፋል። ይህን «ኦዚም» ይሉታል። ሁለተኛው በረዶው ቀልጦ መሬቱ ሲለሰልስ፣ በማርችና በአፕሪል ይዘራል። ይህ «ያሪና» ይባላል፤ «ያሮ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ሩሲያውያንም በዚህ ጊዜ የሚዘራውን እህል በዚሁ ሥር ይጠሩታል። ፖላንዶች ደግሞ ቃሉን ወደ ጓሮ አውርደውታል፤ ዛሬ በፖላንድኛ «ያዢና» ማለት አትክልት ማለት ነው።

ታዋቂው የቼክ ቢራ የሚጠመቀውም በዋናነት በያሮ ከሚዘራው ገብስ ነው። በፒልዘን ከተማ በ1842 ተጠምቆ በዓለም ሁሉ ስሟን ያስጠራው ወርቃማ ቢራ ያለ ገብሱ የትም አይደርስም ነበር።

ከእናንተ መካከል ገበሬ የነበራችሁ ይህን ወዲያው ትረዱታላችሁ። እኛስ «የመኸር ሰብል»፣ «የበልግ ሰብል» እንል የለ? ወቅቱ ለእህሉ ስም ይሰጣል፣ እህሉም ወቅቱን ያስታውሳል። የስላቭ ገበሬ ጎተራው ተራቁቶ፣ ከብቱ ከስቶ፣ ረጅሙን ብርድ ከጨረሰ በኋላ «ዓመቱ መጣ» የሚለው መቼ ይመስላችኋል? ማረሻውን ሲያወጣ ነው። የሥራው ዓመት የሚጀምረው ያኔ ነው። ዓመትን ይጠራ የነበረው ቃል እዚያ ጅማሬው ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ሁሉም ስላቮች ግን እንዲህ አላደረጉም። ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን ያንኑ ወቅት «ቬስና»፣ ፖላንዶች «ቪዮስና» ይሉታል፤ ይህ ቃል ደግሞ ከሳንስክሪቱ «ቫሳንታ» ጋር ይዛመዳል። ቼኮች «ቬስና»ን ያውቁታል፣ ግን ለግጥም ነው የሚያስቀምጡት። ስሎቫኮች «ያር» ይላሉ። ዱብቼክ ራሱ ስሎቫክ ስለነበር በእናቱ ቋንቋ ወቅቱ «ያር» ነበር።

የተቀሩት ሦስት ወቅቶች

ያሮን ብቻውን መተው አይሆንምና ወንድሞቹንም እናስተዋውቃችሁ።

ዚማ፦ የብርድና የበረዶው ወቅት ነው። ቼኮች «የ ሚ ዚማ» ሲሉ «በረደኝ» ማለታቸው ነው፤ ወቅቱና ብርዱ አንድ ቃል ናቸው። ዘመዱ በሳንስክሪት «ሂማ» ሲሆን ትርጉሙ በረዶ ነው። ሂማላያ የሚባሉት ትልልቅ ተራሮች ስማቸው «የበረዶ ማደሪያ» ማለት ነው።

ፖድዚም፦ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው። ቃሉ ሁለት ክፍል አለው፤ «ፖድ» ማለት ሥር ወይም ወደ አንድ ነገር መቃረብ፣ «ዚም» ደግሞ ያው ዚማ። እንግዲህ «ወደ ብርዱ የቀረበ» እንደ ማለት ነው። አመሻሹንም በዚሁ መንገድ «ፖድቬቸር»፣ ወደ ምሽት የቀረበ፣ ይሉታል። ሌሎቹ ስላቮች ለዚህ ወቅት ሌላ ጥንታዊ ስም አላቸው። የቼኩ ገበሬ ግን ወቅቱን በራሱ ስም አልጠራውም፤ ከኋላው በሚመጣው ብርድ ጠራው። እንጨት መፍለጥ፣ ድንችና ጎመን ማከማቸት፣ ኦዚሙን መዝራት፣ ሁሉም ለዚማ ዝግጅት ነው።

ሌቶ፦ ፀሐይ የሚበረታበት፣ እህል የሚታጨድበት ወቅት ነው፤ ከጁን እስከ ኦገስት ያለው። ስለ ሌቶ ግን ከዚህ የበለጠ የሚነገር አለ።

ቼኮች ዓመት ሲቆጥሩ

ዓመት የነበረው «ያሮ» ወቅት ሲሆን ቼኮች ለዓመት ምን ቃል ተረፋቸው? «ሮክ» ይላሉ። «ሮክ» ከ«መናገር» ጋር የሚዛመድ ሥር ያለው ሲሆን የመጀመሪያ ትርጉሙ የተነገረ ቀን፣ የተቆረጠ ጊዜ ነበር። በእኛ አነጋገር ቀጠሮ ብንለው ይቀርባል። በሩሲያኛ ይኸው ቃል የማይቀር ዕጣ፣ ዕድል የሚል ትርጉም አለው።

አሁን አቆጣጠሩን ተመልከቱ። አንድ ዓመት «የደን ሮክ» ነው። ሁለት ዓመት «ድቫ ሮኪ»፣ ሦስትና አራትም እንደዚሁ «ሮኪ» እያለ ይሄዳል። አምስት ሲደርስ ግን ቃሉ ይቀየራል። «ፔት ሌት» ይሆናል። «ሌት» ደግሞ ከሌቶ የመጣ ነው! አምስት ዓመት ሲሉ ቃል በቃል «አምስት ሌቶ» ማለታቸው ነው። ሰውን ዕድሜ ሲጠይቁም «ኮሊክ የ ቲ ሌት?» ይላሉ፤ «ስንት ሌቶ አለህ?» እንደ ማለት።

ይህንን ለክፍሉ ስናስረዳ አንድ ተማሪ ዝም ብሎ ሰማንና «እስከ አራት ዓመት ቀጠሮ ነው፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ወቅት መቁጠር ነው በሉኛ» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ብዙዎቻችን እዚህ ስንመጣ «ለጥቂት ጊዜ ነው» ብለን ነበርና ምን ለማለት እንደፈለገ ማንም አልጠፋውም።

ከ1968 በኋላ ከቼኮዝሎቫኪያ የወጡትም እንዲሁ ቆጥረዋል። የኮሚኒስቱ መንግሥት የወደቀው በኖቬምበር 1989 በተጀመረው ሰላማዊ ንቅናቄ ነው፤ ከታንኮቹ ምሽት ሃያ አንድ «ሌት» በኋላ ማለት ነው። ቼኮች ኖቬምበርን «ሊስቶፓድ» ይሉታል፤ «ቅጠል ርግፊያ» ማለት ነው። በያሮ ስም የተጠራው ተስፋ የደረሰው በፖድዚም ነበር። ዱብቼክም በዚያው ዓመት በዲሴምበር 28 የፓርላማው ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው?

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። በአገራችን የቀደመው የወቅት አከፋፈል እንዲህ ነው። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፤ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25። በዚህ መሠረት ጸደይ የሚያዝያው ነው። የትግርኛ ተናጋሪ ተማሪዎቻችንም «የእኛ ጽድያ እኮ የመጋቢትና የሚያዝያው ነው» ብለው መሰከሩ።

ሆኖም ብዙዎቻችን «ጸደይ» ሲባል አደይ አበባ፣ መስቀል፣ የጠራ ሰማይ ነው የሚታየን። እንዲህ ስንልም ያደግን አለን። የፈረንጆቹ ጸደይ አበባ የሚያብብበት መሆኑን የሰማ ሰው «የእኛ አበባ በመስከረም ነው፣ ስለዚህ ጸደይ መስከረም ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የፕራግ ያሮ በወራቱ ከሄድን ከማርች መጨረሻ እስከ ጁን ስለሆነ ከቀደመው ጸደያችን ጋር ይገጥማል። በስሜቱ ከሄድን ግን፣ ረጅም ጨለማ አልፎ አገር ሲፈካ ስለሆነ፣ መስከረምን ይመስላል። በዚያ ላይ መስከረም የእኛ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ ያሮም ሥሩ ዓመት ነው።

እንዲህ ያለ ጣጣ በሌሎቹም ላይ አለ። መዝገበ ቃላት «ክረምት»ን በእንግሊዝኛ «ዊንተር» ብሎ ይተረጉማል። በአገራችን መምህራን በሐምሌና በነሐሴ የሚማሩትን «የክረምት ትምህርት» ደግሞ በእንግሊዝኛ «ሰመር» ፕሮግራም እንለዋለን። አንዱ ክረምት በአንድ ፊት «ዊንተር»፣ በሌላ ፊት «ሰመር» ሆነ ማለት ነው! ሁለቱም ተርጓሚ አልተሳሳተም። አንደኛው የወቅቱን ጠባይ፣ ሁለተኛው ወሩን አይቶ ነው።

ይህን ስንከራከር ከጅጅጋ አካባቢ የመጣች አንዲት እናት እጇን አወጣች። «በሶማሊኛ ጉ የሚባል ወቅት አለን» አለች። «ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው። ጂላል የሚባለው ደረቁና ክፉው ወቅት አልፎ ዝናብ የሚመጣበት፣ ከብቱ የሚወልድበት፣ ወተት የሚትረፈረፍበት ነው። የሰው ዕድሜም የምንቆጥረው በጉ ነው። ስንት ጉ ነህ? እንላለን።»

ከሁላችንም የተሻለ የተረጎመችው እሷ ናት። ወሩ ገጠመ፤ ከችግር በኋላ የሚመጣ መሆኑ ገጠመ፤ ወቅቱና ዓመቱ በአንድ ቃል መሆኑም ከያሮ ሥር ጋር ገጠመ። በቋንቋ ሳይዛመዱ በኑሮ ተገናኙ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም የራሱን ማውጣት ጀመረ። የኦሮምኛ ተናጋሪዎች የዝናቡ ወቅት ስም በሆነው «ገና»፣ ናው ጠብቆ ሲነበብ፣ ዕድሜ እንደሚቆጠር ነገሩን። የግእዝ ትምህርት የቀመሱ አንድ አዛውንት ደግሞ «በግእዝም ክረምት ማለት የዝናቡ ወቅት ብቻ አይደለም፤ ዓመት ማለትም ነው» ብለው አስታወሱን። እውነታቸውን ነው። ቼኩ በሌቶ፣ ሶማሊው በጉ፣ ኦሮሞው በገና፣ የግእዝ ጸሐፊው በክረምት ዓመትን ቆጠረ። ሁሉም የቆጠረው ኑሮው በተንጠለጠለበት ወቅት ነው።

እንግዲህ መልሳችን ይኸውላችሁ። «የፕራግ ጸደይ» ብለን መተርጎማችን ስህተት አይደለም፤ የቀደመውን ጸደይ ማለታችን ከሆነ ወሩም ልክ ነው። ግን ስናስተምር ሁለት ነገር መጨመር አለብን፦ የትኛውን ጸደይ እንደምንል፣ ቃሉም ለቼኮች የአዲስ ዓመት ሥራ መጀመሪያ እንደነበረ። ይህን ያወቀ ተማሪ በጃንዋሪ ብርድ የጀመረ ነገር ለምን «ያሮ» እንደተባለ ለመረዳት አይቸገርም።

ለመምህራን

በክፍላችሁ የወቅት ስሞችን ስታስተምሩ «ይህ ማለት ያ ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፉ። አንደኛ፣ ይህ ወቅት በየትኞቹ ወራት ነው? ሁለተኛ፣ ሰው በዚህ ወቅት ምን ይሠራል? ሦስተኛ፣ ሰው ምን ይጠብቃል? ተማሪዎቹ በየቋንቋቸው ይመልሱ። ሦስቱም መልሶች የገጠሙላችሁ ቃል ጥሩ ትርጉም ነው። ሁለቱ ብቻ ከገጠሙ ቃሉን ተጠቀሙበት፣ ልዩነቱን ግን ተናገሩ።

ለቤት ሥራ ደግሞ እያንዳንዱ ተማሪ ከወላጆቹ ወይም ከጎረቤት አዛውንት ዘንድ ሄዶ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የወቅቶችን ስም ይጠይቅ፣ በደብተሩም ይጻፍ። እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን የበልግ ማሳ አላዩም፣ አደይ አበባም አልቀጠፉም። በዚህ ካምፕ አቧራና ሙቀት ውስጥ ወቅቱን የሚነግራቸው ማሳ የለም። ስሞቹን የሚያውቁት አዛውንቶች ናቸው፤ አዛውንቶቻችን ደግሞ ሁልጊዜ አብረውን አይኖሩም። ስሙ ከጠፋ ልጁ አንድ ቀን አገሩ ሲገባ ገበሬው «የበልጉ እንዴት ነው?» ቢለው መልስ አይኖረውም።

ጥያቄውን ያነሱትን አባታችንን እናመሰግናለን። መልሱን ስናነብላቸው «አሁን ገባኝ» ብለው ፈገግ አሉና «ታዲያ እኔ ሰባ ክረምት ነኝ» አሉን። እናንተስ ስንት ናችሁ?

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።